የወንድሜ ጋን

ሰኞ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2007፣ ቢቸና

ዛሬ አባባ ወደ ወፍጮ ቤቱ ተመለሱ። እማም ወንድሜ ገብረ ሕይወት ከሞተ ጀምሮ ያልነካችውን የአረቄ ድፍድፍ ከፍታ አሸተተችውና «አለቀለት» ብላ ጓሮ ደፋችው። ከዚያ ሌላ ጠነሰሰች። ከትምህርት ቤት ስመለስ እጇ እስከ ክርኗ ጌሾ ነበር።

«በላህ?» አለችኝ።

«በላሁ።»

አልበላሁም። እንዳልበላሁ ታውቃለች።

አንድ የክፍላችን ልጅ ወንድሜ የሞተባትን ሚኒባስ ሊጠግኗት ነው አለኝ። ጥሩ ወሬ የነገረኝ ይመስል ፊቴን ያየኛል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

እንቅልፍ አልመጣም። ስለ ጋኑ ልጻፍ።

ገብረ ሕይወት ባሕር ዳር ምግብ ቴክኖሎጂ ተምሮ ሰኔ ላይ ተመረቀ። ሥራ እስኪያገኝ ክረምቱን እዚህ ነበር። እማ ጠጅ ስትጥል፣ አረቄ ስታወጣ እያየ ዝም ብሎ መቀመጥ አልቻለም። ስለ አውስትራሊያ የወይን ጠጅ የሚያወራ በእንግሊዝኛ የታተመ ወረቀት ይዞ መጥቶ ነበር። ያን እያነበበ ያስረዳኛል። አገሩ ሞቃት ነው። እንግሊዞች መጀመሪያ ሲሰፍሩበት የወይን ተክል በመርከብ ይዘው ገቡ። የጠመቁት ግን በሙቀቱ ይበላሻል፤ ወደ አገራቸው ሲልኩትም መንገዱ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ጠጁ ገና እየፈላ፣ ገና ጣፋጭ ሳለ፣ ከወይን የወጣ ኃይለኛ አረቄ ይጨምሩበታል። እርሾው ይሞታል። ያልፈላው ስኳር እንዳለ ይቀራል። እንዲህ የጠነከረውን ሙቀትም መርከብም አያበላሸውም። ለብዙ ዘመን እዚያ አገር ከሚጠመቀው አብዛኛው ይኸው ዓይነት ነበር።

ሐምሌ ላይ ነው እንግዲህ የተነሣው። ከባሕር ዳር ያመጣውን ዘቢብ ዘፈዘፈ፣ ከአጎታችን ከጋሼ ደምለው የተላከውን ማር ጨመረበት። መፍላት ሲጀምር እማ ዘንድ ሄደ።

«እማ፣ ከዳግሙ ስጪኝ።» ዳግም ማለት ሁለተኛ ጊዜ የወጣው፣ ኃይለኛው አረቄ ነው።

«ለምንህ?»

«ጠጁ ላይ ላፈስሰው።»

«አንተ! ደህናውን ጠጅ ልትገድለው?»

«እርሾውን ነው የምገድለው። ጣፋጩን አተርፈዋለሁ።»

«ይኸን ነው አራት ዓመት ያስተማሩህ? ዝም በል፣ ይርጋነሽ በአጥር በኩል ትሰማሃለች!»

እየሳቀች ሰጠችው። የሰጠችው ደግሞ ምርጡን ነው። እማ አረቄ አትቀምስም። ጣቷን ነክራ እሳት ላይ ትረጨውና ነበልባሉን አይታ ትፈርዳለች። ቢቸና ውስጥ አረቄ ሻጭ ሆና የማትቀምስ እናት ያለችኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አውስትራሊያዎቹ የበርሜሉን ውስጥ በእሳት ይለበልቡታል፤ ገብረ ሕይወት ጋኑን በወይራ አጠነ። እነሱ በርሜሉን ቆርቆሮ ጣራ ሥር ሙቀት ላይ ይተዉታል፤ እሱም ጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል አስገባው። ክዳኑን በጭቃ መረገና «ሦስት ዓመት» አለ። «ያኔ እንደ ቡና ጠቁሮ፣ እንደ ማር ወፍሮ ታገኘዋለህ። የሻው፣ ዘበኛው አንተ ነህ። ጌታም ቢመጣ እንዳትከፍት።»

አልከፍትም።

እሑድ፣ ጥቅምት 23

ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የቆርቆሮዋ ክፍል ገብቼ ጋኑን በጣቴ አንኳኳሁት። የሞላው ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ ከአንገቱ በታች ትንሽ ወረድ ብሎ ግን እንደ ባዶ ዕቃ ይጮኻል። ነሐሴ ላይ እንዲህ አልነበረም።

ወረቀቱን አወጣሁ። በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ እንዳነበብኩት፣ በርሜሉ በየዓመቱ ይጎድላል። እንጨቱ ይተነፍሳል፣ ሙቀቱ ይጠጣል። የቀረው ግን እየወፈረ፣ እየጣፈጠ ይሄዳል። የእኛም ጋን እንዲሁ ነው ማለት ነው። ገብረ ሕይወት ቢኖር ደስ ይለው ነበር።

ሌላም አነበብኩ። ወይኑን ዛፉ ላይ እንዳለ ዘቢብ እስኪሆን ድረስ ሳይለቅሙት የሚያቆዩበት አካባቢ አለ። አንድ ቤት ደግሞ ከ1878 ጀምሮ፣ በፈረንጆች ነው፣ በየዓመቱ አንድ በርሜል እየለየ ለመቶ ዓመት ያስቀምጣል። ያስቀመጠው ሰው አይቀምሰውም። ያንን እያወቀ ያስቀምጣል።

እማ ከኋላዬ መጥታ ኖሯል። «እዚህ ምን ታደርጋለህ?»

«ምንም። እያየሁት ነው።»

«ተው፣ ሂድ አጥና። እኔ ትንሽ ልቀመጥበት።»

ወጣሁላት። ብቻዋን ማልቀስ ትፈልጋለች። ጎረቤታችን እትዬ ይርጋነሽ ስትመጣ በሩ ላይ ቆሜ «ተኝታለች» ብዬ መለስኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ማታ አባባ ስለ ተዝካሩ አነሡ። አርባው ኅዳር ሚካኤል ላይ ይውላል። ፍትሐቱ በዕለቱ ሆኖ ግብዣው ለእሑድ፣ ለቅበላው ይደረጋል ተባለ። ሰኞ የነቢያት ጾም ይገባል።

«ያንን የገብሬን ጋን እንከፍተዋለን» አሉ አባባ። «ልጄ የጠመቀውን ሰው ቀምሶ ነፍስ ይማር ይበልለት።»

«ሦስት ዓመት ነው ያለው» አልኩ።

«ያለውማ ብዙ ነው።»

«አይከፈትም!» አለች እማ። ድስቱን ጣል አድርጋ ነው የተናገረችው። አባባም እኔም ደነገጥን። «ልጄ የዘጋውን ማንም አይከፍትም። ሌላ ጠጅ እጥላለሁ።»

አቅፌ ልስማት ፈለግሁ። በዚህ ቤት ከእኔ ጋር የቆመ ሰው አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

የሒሳብ ፈተና። ግማሹን ባዶ ሰጠሁ። እማ ጥርሷን ያማታል፤ ቀኑን ሙሉ ቅርንፉድ ታኝካለች። ወጡ ሁለት ጊዜ ጨው ገብቶበታል። አባባ ጨርሰው በሉት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29፣ ሞጣ

ለተዝካሩ ጠጅ ማር እንዳመጣ ጋሼ ደምለው ዘንድ ተላክሁ። የእማ ታላቅ ወንድም ነው፤ ሞጣ ላይ ማር ይነግዳል። ገብረ ሕይወት የመጨረሻዋን ሌሊት ያደረው እሱ ቤት ነው። ያደረበትን ፍራሽ ዘረጉልኝ። የነገረኝ ሰው የለም፤ ግን አወቅሁ።

ከአውቶቡሱ ስወርድ መናኸሪያው ላይ አንድ ረዳት «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል። እጄን ያዘኝ። «ወንድም፣ ትሄዳለህ? ሞልተናል እኮ፣ አንተን ነው የምንጠብቀው።» ዓይኔ የመኪናው በር ላይ ቀረ። «ደግሞ ይኸ ምን ሆነ?» ብሎ ለቀቀኝ።

ጋሼ ደምለው እራት ላይ ነገረኝ። «ቁርስ ብላ ስለው ‹አንድ ሰው ቀረ እያሉ ነው› ብሎ ሮጠ። እንጀራው እዚህ ቀረ።» ከዚያ አፍንጫውን በነጠላው ጠረገና «እኅቴ እንዴት ናት?» አለኝ።

«ደህና ናት። ትሠራለች።»

«አረቄውን?»

«አዎ።»

ሚስቱን እትዬ ምስራቅን አያት። እሷ ዓይኗን መለሰች። ከተኛሁ በኋላ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

«ያኔ ሴቷ ልጅ ስትሞትባትም እንዲሁ ብለን ነው የተውናት» ይላታል።

«ያኔ ወጣት ነበረች። ጋብ አለላት።»

«እንዳለው ነው እኮ ሌት ተቀን ጠብቆ ያወጣት።»

እንዳለው የአባባ ስም ነው። እኔ ሳልወለድ የሞተች እኅት እንደ ነበረችን አውቃለሁ። አባባ እማን ከምን እንዳወጧት ግን አልሰማሁም። ሐዘን ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2፣ ቢቸና

ማሩን ይዤ ከተመለስሁ ወዲህ እማ ጠጁን ጥላለች። ከሰዓት በኋላ ትተኛለች። ትምህርት ቤት ስሆን የምሰማው የለም፣ ቤት ስመጣ የማየው የለም። ማንን ነው የምጠብቀው?

ዓርብ፣ ኅዳር 5

ምርጊቱ እርጥብ ነው።

ጣቴ ገባበት። ገብረ ሕይወት ሐምሌ ላይ የመረገው ጭቃ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ይኸ ትናንት ወይ ዛሬ የተመረገ ነው። አንኳኳሁ። ከወገቡ በላይ በሙሉ ይጮኻል። ሙቀት በአንድ ወር ግማሽ ጋን አይጠጣም። ሰው ነው።

ክፍሏ አይቆለፍም። እኛ ሦስት ነን። እማ አትቀምስም። እኔ አልነካሁም።

አባባ የነኩት ሁሉ ዱቄት ይቀርበታል፤ በሩ፣ ወንበሩ፣ ሬዲዮው። ጋኑ ላይ ግን ዱቄት የለም። ጠርገውት ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 7

አደረግሁት። እንዴት እንዳደረግሁት አላውቅም።

የንስሐ አባታችን ቄስ ወልደ ሰንበት ጠበል ሊረጩልን መጥተው ነበር። እማ ጓዳ ናት። አባባ ስለ ተዝካሩ ዳስ ሲያወሩ እኔ ቀጥ ብዬ ተነሣሁ።

«ጋኑን ማን ነው የሚጠጣው?» አልኩ።

«የቱን ጋን?» አሉ ቄስ ወልደ ሰንበት።

«የወንድሜን። እሱ ከተቀበረ ጀምሮ እየተጠጣ ነው። አንተ ነህ!» አባባን አንተ አልኳቸው። በሕይወቴ ብያቸው አላውቅም። «ልጅህ የዘጋውን እየከፈትክ ትጠጣለህ! ከዚያ ደግሞ ለሰው እናቅርብ ትላለህ!»

ቄሱ ጠበሉን እንደያዙ ቀሩ። አባባ አላዩኝም። የጓዳውን መጋረጃ ነው ያዩት፤ ረጅም ጊዜ አዩት። መጋረጃው አልተነቃነቀም።

«አዎ» አሉ። «እኔ ነኝ።»

«እንዳለው?» አሉ ቄሱ።

«እኔ ነኝ አልኩ፣ አባ። ንስሐዬን ይስጡኝ። ልጁን ተዉት፣ እውነቱን ነው።»

እንዲክዱኝ፣ እንዲመቱኝ ነበር የፈለግሁት። ቄሱ «የሐዘን ነገር ነው፣ ሰይጣን በዚያ በኩል ይገባል» አሉና ስግደት አዘዙላቸው። አባባ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉ።

እማ ከጓዳ የወጣችው ቄሱ ከሄዱ በኋላ ነው። ዓይኗ ቀልቷል። ለአባባ የእጅ ውኃ አቀረበችላቸው። ውኃውን ጉልበታቸው ላይ አፈሰሰችው።

«ግድ የለም» አሏት። «ግድ የለም፣ ፀሐይ።»

ፀሐይነሽ ናት ስሟ፤ ፀሐይ ሲሏት ሰምቼ አላውቅም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

አባባ ጠዋት ከመሄዳቸው በፊት ይሰግዳሉ። ወለሉ ላይ ግንባራቸው የነካበት ቦታ ነጭ የዱቄት ምልክት አለ። ማየት አልቻልኩም። ይቅርታ ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ፤ ግን ምን ብዬ? አጥፍተዋል እኮ። ራሳቸው አምነዋል።

እማ ድፍድፉን ስታፈላ እጇን አቃጠለች። «እንቅልፍ አዳፋኝ» አለች።

ማታ ትንሽ አነበብኩ። ያ የአውስትራሊያ ጠጅ ፈላጊ ያጣበት ዘመን መጣ ይላል። ሰው ቀለል ያለውን መረጠ፤ ብዙ ቦታ የቆየ ወይን ተነቀለ። ስሙንም አጣ፤ የድሮ ስሙ የአውሮፓ አገሮች ነው ተብሎ በስምምነት ሌላ ስም አወጡለት። ግን ጥቂቶች አልተዉትም። አዲሱን አሮጌው ላይ እየጨመሩ ያኖሩታል።

አዲስ ብጨምርበትስ ብዬ አሰብኩ። እንዴት እንደሚሠራ ግን አላውቅም። ሳስታውሰው የማስታውሰው ድምፁን ነው፤ ስንት ማር፣ ስንት ቀን፣ መቼ አረቄው እንደሚገባ አልጠየቅሁትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። ፍትሐት። ሰው በጣም ብዙ። እማ ቅዳሴው ሳያልቅ «ራሴን አመመኝ» ብላ ወጣች። አባባ ከወንዶቹ በኩል ሆነው አዩዋት፤ ተከትለዋት ወጡ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

ሰው ሁሉ ሄዷል። ዳሱ ውስጥ ወንበሮቹ ተዘበራርቀዋል። ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ካህናቱ ጸሎት አድርሰው ከበሉ በኋላ ጋሼ ደምለው ብርሌውን አነሣ። ቀምሶ ነበር፤ ከበቃው በላይ።

«የእኅቴ ጠጅ ጥሩ ነው» አለ። «ግን ልጃችን የጠመቀው አለ ሲባል ሰምተናል። የፈረንጅ ጥበብ! የታለ? ወይስ እንዳለው ለብቻው ሊጠጣው ነው?»

ሳቅ ሆነ። እትዬ ይርጋነሽ «እውነት ነው፣ እኛም ሰምተናል፣ ይምጣ!» አለች። ሌሎቹም ይምጣ፣ ይምጣ አሉ።

አባባ ተነሡ። «የለም» አሉ። «አልቋል። የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ብቻህን?» አለ ጋሼ ደምለው። «የሞተ ልጅህን?»

«ብቻዬን።»

«ቢያንስ አተላው ይኖራል። የሻው! ሂድ፣ የተረፈውን ቅዳና አምጣ። እስቲ ለካህናቱ እንኳ ይድረስ።»

ጆጉን ይዤ ወጣሁ። አባባ «የሻው፣ ተመለስ» አሉኝ። አልተመለስኩም።

የቆርቆሮዋ ክፍል በር ገርበብ ብሏል። እማ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ጋኑን እግሮቿ መካከል አጋድማ እጇን እስከ ብብቷ አስገብታለች። ጣሳው የጋኑን ወለል ሲፍቅ ይሰማኛል። ነጠላዋ ደረቷ ላይ ቡናማ ሆኗል። ክፍሉ በሙሉ ማርና ወይራ ይሸታል።

ያየችኝ ቆይታ ነው።

«አልወጣልኝም» አለች። «ታች አለ፣ አልደርስበት አልኩ።»

«እማ።»

«የልጄን እጅ ነው የቀመስኩት፣ የሻዬ። ሌላ ምን ቀረኝ? የእሱ እጅ፣ የእኔ አረቄ። ትንሽ ብቻ ነበር ያልኩት። መጀመሪያ ቀን በጣቴ ነው የቀመስኩት፤ እውነቴን ነው፣ በጣቴ።»

አጠገቧ ተንበረከክሁ። ጋኑን ቀና ላደርግ ስል አጥብቃ ያዘችው። ጉልበቷ ከእኔ ይበልጣል። ከዳሱ ጋሼ ደምለው «ኧረ ልጁ የት ቀረ!» ሲል ይሰማል።

«አትንገራቸው» አለችኝ።

በሩን ዘጋሁባትና ተመለስኩ። ዳሱ መሐል ቆምኩ። ጆጉን ገልብጬ አሳየኋቸው።

«ባዶ ነው» አልኩ።

«ይኸው!» አለ ጋሼ ደምለው አባባን እየጠቆመ። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። አንዱ «ምን አባት አለ!» አለ። አባባ ቆመው ነበር። አዩኝ። እኔም አየኋቸው። አፌን ልከፍት ስል ራሳቸውን በትንሹ ወዘወዙ። አይ ማለታቸው ነው።

ቄሱ እየሰሙ አንተ ያልኳቸውን አባቴን፣ ሰው ሁሉ እያየ ዝም አልኩባቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

አባባ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ ልጆች አረቄ አረቄ ይሏቸዋል አሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ ነበር። አነሡኝ። «ያኔም አልፏል፣ ይኸም ያልፋል» አሉኝ። «የእኔ ስም ምን ይሆናል? የወፍጮ ሰው ነኝ። እሷ ግን ነገም ለዚህ ሰው ነው የምትሸጠው።»

«አረቄውን ትተወው» አልኩ።

«ከዚያስ? ሌላ ሥራ አታውቅም። እኔም የማመጣው ለሦስታችን አይበቃም። ያኔ እኔ ከጎኗ ተቀምጬ ነው መጠጣቱን የተወችው። አሁን ወፍጮውን ለማን ልተወው?» ጫማቸውን ሲያጠልቁ ቆዩ።

ነገ ብቻ እቤት እውላለሁ። ከነገ ወዲያ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19

ዛሬም አልሄድኩም። የክፍል ኃላፊያችን ልጅ ልኮብኝ ነበር፤ የብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ሊያልቅ ነው ብሏል። ሰኞ እሄዳለሁ አልኩት።

እማ ጠዋት ታጥባ፣ ጸጉሯን ተሠርታ ወጣች። ጾም ነው፤ እስከ ሰዓቱ ምንም አልቀመሰችም። አባባን ወደ ሥራ ሸኘቻቸው። ከዚያ እሳቱን አነደደች፤ ድፍድፉን ማሰሮው ውስጥ ገለበጠች፤ እንፋሎቱ የሚወጣበትን መቃ ገጥማ ዙሪያውን በሊጥ ለጠፈች። እኔ በርጩማ ይዤ ከጎኗ ተቀመጥኩ።

«ፖሊስ ነህ?» አለችኝ። ፈገግ ብላ ነው።

«ላግዝሽ ነው።»

«እሺ፣ የእኔ ፖሊስ። ደብተርህን አምጣና እዚሁ አጥና።»

ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ። አንድ መስመር አላነበብኩም። መቃው ጫፍ ላይ ጠብታው ታየ። ወደቀ። ሌላው ተከተለ። እማ እጇን ጉልበቷ መካከል አጣብቃ ጠርሙሱን ታያለች። እኔ እሷን አያለሁ። ሽታው ክፍሉን ሞላው። ግንባሯ አላበው፤ ከእሳቱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

«የሻዬ» አለች ዓይኗን ሳታነሣ፣ «ትምህርትህስ?»

«ሰኞ።»

«ሰኞ» አለች እሷም።

ጠርሙሱ እስከ አፉ ሞላ። ደንበኞቹ ማታ ይመጣሉ። ሌላ ባዶ ጠርሙስ አነሣሁና አቀበልኳት።